ደጋፊ ልብስ ለብሶ ቁጭ ብድግ፤ ስለ ጀማሪው ክብደት አንሺ አሠለጣጠን

(ለማኅበሩ አባሎች የተሰናዳ ንግግር)



«ቁጭ ብድግ» የተባለውን እንቅስቃሴ የማያውቅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር አይገኝም። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሰውነትን ለማሟሟቅ፣ አንዳንድ ጊዜም፣ ባይሆን ይመረጥ ነበር እንጂ፣ አርፍዶ የመጣን ተማሪ ለመቅጣት ሲያገለግል የኖረ ነው። ይኸው ቀላል የሚመስል እንቅስቃሴ፣ ባለክብደት የብረት ዘንግ ከትከሻ በላይ ተጭኖበት ሲከናወን ግን መልኩን ፈጽሞ ይለውጣል። ፓወርሊፍቲንግ በተሰኘው የውድድር ዓይነት ውስጥ ከሦስቱ የማንሻ ስልቶች የመጀመሪያው ይኸው ሲሆን ስሙም ስኳት ነው። ሁለተኛው በጀርባ ተንጋሎ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት፣ ሦስተኛውም ብረትን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። በኦሊምፒክ ከሚታየው ክብደት ማንሳት የሚለየውም በዚሁ ነው፤ በፓወርሊፍቲንግ ውድድር ብረቱ ከራስ በላይ ተነሥቶ አይያዝም።

የዚህ ስፖርት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፌዴሬሽኑ ደንብ ስለ ስኳት የሚጠይቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፦ ተወዳዳሪው ወደ ታች ሲወርድ በዳሌው መጋጠሚያ በኩል ያለው የጭኑ የላይኛው ገጽ ከጉልበቱ አናት ዝቅ ማለት አለበት። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ይህን አላየንም ካሉ፣ ብረቱ ምንም ያህል ቢከብድ ሙከራው ይሰረዛል። ይህ ደንብ ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ስለሆነ አድማጭ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

ስፖርቱ ገና በጨቅላነቱ ሳለ ክብደት አንሺዎች ሰውነታቸውን አጥብቆ የሚይዝ ነገር መፈለግ ጀምረው ነበር። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ጠባብ የጂንስ ሱሪ የሚለብሱ ነበሩ፤ የአልጋ አንሶላ በወገባቸውና በዳሌያቸው ዙሪያ ይጠቀልሉ እንደነበረም ይነገራል። በ1970ዎቹ ዓመታት ግን ለዚሁ ተግባር ብቻ ታስቦ የተሰፋ ልብስ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ልብሱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ሄደ። በ1987 ፍሬድ ሃትፊልድ 1,014 ፓውንድ፣ ማለትም 460 ኪሎ ተሸክሞ ተቀምጦ ሲነሣ በላዩ ላይ ይህን መሰል ልብስ ነበረው። ፌዴሬሽኑም ጉዳዩን ሲያጤን ከቆየ በኋላ፣ ደጋፊ ልብስ ለማይለብሱ ተወዳዳሪዎች የተለየ የዓለም ሻምፒዮና በ2013 ሱዝዳል በምትባል የሩሲያ ከተማ አስጀመረ። ዛሬ ስለሆነም ሁለት ዓይነት ውድድር፣ ሁለት ዓይነት የክብረ ወሰን መዝገብ አለ፤ አንዱ በልብስ፣ ሌላው ያለልብስ።

ብዙ ሰው ደጋፊውን ልብስ የአንጋፋ ሻምፒዮኖች ዕቃ አድርጎ ይመለከተዋል። ነገሩ እንዲህ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ቴክሳስ ግዛት መሄድ ይበቃል። በዚያ ግዛት ፓወርሊፍቲንግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ነው። ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በየራሳቸው ማኅበር ሥር ይወዳደራሉ፤ የክረምቱ ወራት በየቅዳሜው ውድድር ይካሄድበታል፤ መጋቢት አካባቢም የግዛቱ ፍጻሜ ይደረጋል። ብዙውን ጊዜ አሠልጣኙ በመኸር የእግር ኳስ ቡድን፣ ያውም የአሜሪካኑን እግር ኳስ፣ ሲያሠለጥን የከረመው መምህር ነው። ተማሪዎቹም በአብዛኛው የሚወዳደሩት ደጋፊ ልብስ ለብሰው ነው። ከታወቁት የልብስ ሠሪ ድርጅቶች ሁለቱ፣ ቲታንና ኢንዘር፣ በዚያው በቴክሳስ፣ አንዱ በኮርፐስ ክሪስቲ ሌላው በሎንግቪው ከተማ መገኘታቸው ከዚህ ልማድ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። እንግዲህ በዚያ አገር የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ብረት ተሸክሞ መቀመጥን ከተማረ ገና ጥቂት ወራት ሳይሞላው፣ በሌላ አገር የበሰለ ስፖርተኛ እንኳ አይቶት በማያውቀው ልብስ ውስጥ ይገባል። ይህን ጀማሪ እንዴት ማስተማር ይገባል የሚለው ጥያቄ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ለአሠልጣኞች ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያና ትምህርት ሲጋጩ የሚሆነውን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በቅድሚያ ልብሱ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሲያዩት ከትግል ስፖርተኞች ልብስ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለት አጫጭር እግሮችና በትከሻ ላይ የሚያልፉ ሁለት ማንገቻዎች አሉት። ጨርቁ ግን ሲነኩት እንደ ድንኳን ሸራ ደረቅ የሆነ፣ በቀላሉ የማይለጠጥ ፖሊስተር ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ አንድ ድርብ ብቻ ይፈቀዳል፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ድርብ የሚፈቅዱ ሌሎች ድርጅቶችም አሉ። ልብሱ የሚሰፋው ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም በሚኖረው ቅርጽ ነው። ሰውየው መቀመጥ ሲጀምር ዳሌው ወደ ኋላ ይወጣል፤ በመቀመጫውና በጭኑ ጀርባ በኩል ያለው ጨርቅ ይወጠራል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ውጥረቱ እየበረታ ይሄዳል። መኪና ጭነት ሲበዛበት ከሥሩ ያለው ሞላ እንደሚጨመቀውና ጭነቱ ሲቀንስ ተመልሶ እንደሚገፋው ሁሉ፣ ጨርቁም በመውረድ ጊዜ የተቀበለውን ኃይል በመነሣት ጊዜ ይመልሳል።

ከዚህም ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ልብሱ አብዝቶ የሚያግዘው ከታች፣ ሰው ሁሉ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ላይ በተነሡ መጠን ጨርቁ ይላላል፤ የመጨረሻውን ሩብ መንገድ ሰውየው በገዛ ጡንቻው መጨረስ አለበት። ያለልብስ የሚወድቅ ሰው ከታች ይወድቃል፤ በልብስ የሚወድቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ አጋማሽ በላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ልብሱ የሚያግዘው ዳሌውን ወደ ኋላ እየገፋ፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ ቅልጥሙን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ጉልበቱን ወደ ፊት እየገፋ የሚወርድ ሰው ጨርቁን በሚገባ ሳይወጥረው ይቀራል፤ ልብሱም ለእርሱ ጠባብ ልብስ ከመሆን አያልፍም።

አሁን ወደ ጀማሪው እንመለስ። ለአብነት ያህል፣ ያለልብስ 120 ኪሎ ተሸክሞ በደንቡ መሠረት መቀመጥና መነሣት የሚችል አንድ ተማሪ አለ እንበል። በቴክሳስ የሚቆጠረው በፓውንድ ነው፤ ለአድማጭ እንዲመች ግን በኪሎ ይነገራል።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚጀምረው ገና ከመልበሱ ነው። ልብሱ ሆነ ተብሎ ከሰውነት ጠብቦ የተሰፋ በመሆኑ እንደ ሱሪ ተጎትቶ አይወጣም። ልጁ በጭኑ ላይ ፓውደር ይነሰንሳል፤ በእግሩ ላይ ፌስታል አጥልቆ ጨርቁ እንዲያንሸራትትለት የሚያደርግም አለ፤ ሁለት ጓደኞቹ በግራና በቀኝ ሆነው ጨርቁን በጣት በጣት እየያዙ ወደ ላይ ያወጡለታል። ከመጎተቱ የተነሣ ቆዳ ይላጣል፤ ጭን ላይ ሰንበር ይቀራል። የልብሱ እግር እኩል ካልወጣ ወይም ስፌቱ ከቦታው ከዞረ እርዳታው ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ብረቱም በመነሣት ላይ ሳለ ያጋድላል። ስለዚህ ልብሱን ማስተካከል ለአጋዦቹ የተተወ የጉልበት ሥራ ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኙ ዓይን የሚያስፈልገው ነገር ነው። ማንገቻዎቹ ወደ ትከሻ የሚወጡት ሙከራው ሊጀመር ሲል ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ወዲያው ይወርዳሉ። ማንገቻውን አውጥቶ ቁጭ ብሎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ እግሩ መደንዘዝ ይጀምራል፤ ትንፋሹም ያጥራል።

የሚገርመው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ልብሱን ለብሶ፣ ለማሟሟቂያ ብሎ 80 ኪሎ በትከሻው ላይ ያደርጋል። ያለልብስ እንደ ጨዋታ የሚያየው ክብደት ነው። ወደ ኋላ መቀመጥ ይጀምራል፤ ከግማሽ መንገድ በታች ሲደርስ ግን አንድ የማይታይ ሰው ከሥሩ በርጩማ ያስቀመጠለት ይመስል ይቆማል። ወደ ታች ልሂድ ቢል አይሄድም። ክብደቱ ወደ 100 ይጨመራል፤ አሁንም የዳሌው መጋጠሚያ ከጉልበቱ አናት በላይ ነው። 120 ሲሆን፣ ማለትም ያለልብስ የችሎታው ጣሪያ በሆነው ክብደት፣ ጥቂት ጣት ዝቅ ይላል እንጂ ዳኛ የሚቀበለው ጥልቀት ላይ አይደርስም። ልብሱን አሸንፎ ወደ ታች የሚያወርደው ክብደት፣ ለምሳሌ 130 ወይም 135 ኪሎ፣ ከዚያ በፊት በጀርባው ተሸክሞት የማያውቀው ነው።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። በሌላ ማንኛውም ስፖርት መምህር ጀማሪን በቀላል ክብደት፣ በዝግታ፣ ያለፍርሃት እንዲለማመድ ያደርገዋል፤ ስልቱን ካወቀ በኋላ ክብደት ይጨምርለታል። ደጋፊው ልብስ ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። እንቅስቃሴውን ሙሉ በሙሉ ለመለማመድ አስቀድሞ ከአቅም በላይ የሆነውን መሸከም ግድ ይላል። ጀማሪው ያልተማረውን ነገር በጣም በሚፈራበት ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንዲማር ይገደዳል ማለት ነው። በየውድድሩ የጀማሪዎች ሙከራ አለልክ የሚሰረዘው በአብዛኛው ብረቱ ከብዷቸው ሳይሆን ዝቅ ብለው ባለመቀመጣቸው መሆኑም ከዚሁ የመነጨ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ፣ ብረቱን መልሶ፣ እጁን ሊያነሣ ሲል ሦስት ቀይ መብራት ያያል፤ ምን እንዳጠፋም አያውቅም፤ በእርሱ ስሜት እስከ መሬት ወርዶ ነበርና።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ያለ ጀማሪ ሦስት ዓይነት የተሳሳተ መፍትሔ ሲፈልግ ይታያል። አንዱ ደረቱን ወደ ፊት ጥሎ ጀርባውን በማጉበጥ ዝቅ ያለ መምሰል ነው፤ ማንገቻዎቹ ራሳቸው ትከሻን ወደ ታች ስለሚስቡ ይህ ስሕተት ሳይጠሩት ይመጣል፤ አደጋውም ከሁሉ የከፋ ነው። ሁለተኛው ጉልበቱን ወደ ፊት ለቆ በሌላ አቅጣጫ መውረድ ነው፤ ይህም የልብሱን እርዳታ ያሳጣዋል። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ በፍጥነት መውደቅ፣ ልብሱን በድንገተኛ ክብደት መስበር ነው። ይህ አንዳንዴ ይሳካል፤ ስለሚሳካም ልማድ ሆኖ ይቀራል። ከታች ሲደርስ ግን ብረቱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ከየት ተነሥቶ እንደሚገፋ አያውቅም።

ትክክለኛው መንገድ ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ልጁ በሆዱ አየር ሞልቶ በቀበቶው ላይ ይወጥራል፤ ቀበቶው በደንቡ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋ ወፍራም ቆዳ ነው። ደረቱን ቀና እንዳደረገ ዳሌውን ወደ ኋላ ይሰድዳል፤ ልብሱ «በቃ፣ ቁም» ሲለው አይቆምም፤ ቀስ እያለ ራሱን ወደ ታች ይስባል። አንድ ሁለት ቅጽበት መጠበቅ፣ ልብሱ እስኪለቅ ድረስ መታገሥ አለበት። ይህን ቅጽበት በቃል ማስረዳት አይቻልም። ልጁ ራሱ በሰውነቱ ሊያገኘው ይገባል፤ የአሠልጣኙ ድርሻም ቅጽበቱን ያለአደጋ የሚያገኝበትን ሁኔታ ማመቻቸት ነው።

ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች የሚያደርጉት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ለብዙ ሳምንታት ልጁ ያለልብስ፣ ግን ልብሱ በሚፈልገው አኳኋን፣ ከበስተኋላው በተቀመጠ ሣጥን ላይ ወደ ኋላ መቀመጥን ይለማመዳል። ቀጥሎ ሰፋ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ቀደም ያለ ተማሪ ለብሶት የላላ ልብስ ማንገቻው ሳይወጣ ይሰጠዋል። ማንገቻው ያልወጣ ልብስ ዳሌን ያግዛል፤ ደረትን ግን አይጎትትም፤ ልጁም በሚያውቀው ክብደት እስከ ታች መድረስ ይችላል። ከዚያ ማንገቻው ይወጣል፤ ከፍ ያለ ሣጥን ወይም የተደራረበ ጣውላ ከበስተኋላው ይደረጋል፤ ክብደቱ በተጨመረ ቁጥር አንድ ጣውላ ይነሣል። ልጁ አዲስ ክብደትና አዲስ ጥልቀት በአንድ ቀን እንዲገጥመው አይደረግም። ጠባቡ ልብስ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ፣ ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እስከዚያም ድረስ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ መልበስ አያስፈልግም፤ በሌላው ቀን ያለልብስ ይሠራል።

የጉልበት መጠቅለያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በፌዴሬሽኑ ደንብ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ይህ ጥብቅ ጨርቅ በጉልበት ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ጉልበት ሲታጠፍ እርሱም እንደ ሞላ ይሠራል። በ2012 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት መጠቅለያ ያደረጉ ክብደት አንሺዎች ብረታቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርገው እንቅስቃሴ በ39 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ትርጉሙም ሰውየው ዳሌውን ወደ ኋላ መስደድ ትቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ማለት ነው። ልብሱ ወደ ኋላ ተቀመጥ ይላል፤ መጠቅለያው ቀጥ ብለህ ውረድ ይላል። የበሰለ ስፖርተኛ ሁለቱን ማስታረቅ ይችላል። ለጀማሪ ሁለቱንም በአንድ ቀን መስጠት ግን በሁለት ጌታ ማስገዛት ነው፤ ሆኖም ውድድር ሲደርስ በችኮላ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መጠቅለያው ከልብሱ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ምንም የሚቀር ነገር የለም።

ስለ ጠባቂዎች ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በፌዴሬሽኑ ውድድር ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ አምስት ሰዎች በተወዳዳሪው ዙሪያ ይቆማሉ። በልምምድ ጊዜ ከሁለቱ የብረቱ ጫፎች አንድ አንድ፣ ከበስተኋላ ደግሞ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ከበስተኋላ ያለው ሰው ማወቅ የሚገባው፣ ልብስ የለበሰ ሰው ሲወድቅ በአብዛኛው ወደ ፊት እንደሚወድቅ ነው፤ ስለሆነም ዳሌውን ሳይሆን ደረቱን መያዝ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ልብሱ ራሱ ሊቀደድ ይችላል። ስፌቱ ከታች፣ ውጥረቱ በበረታበት ቦታ ቢተረተር፣ የልብሱን እርዳታ ተማምኖ የተሸከመው ክብደት በአንድ ጊዜ በልጁ ላይ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ልብስ ገዝቶ ለዓመታት ከተማሪ ወደ ተማሪ ማስተላለፉ የተለመደ በመሆኑ፣ ስፌቱን ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በእጅ ዳስሶ ማየት የአሠልጣኙ ግዴታ ነው። ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ልኩን ያዝዛል፤ የሌለው ካለው ውስጥ ያዳርሳል። በአንድ መድረክ ላይ የሚታየው የኪሎ ልዩነት ከፊሉ ይኸው መሆኑን የውጤት ሰሌዳው አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ጀማሪን ይህን ያህል የሚያስቸግር ከሆነ፣ ያለልብስ የሚደረግ ውድድርም ካለ፣ ልብሱ ለምን አይቀርም? ሬይ ዊሊያምስ በ2019 ያለደጋፊ ልብስ 490 ኪሎ ተሸክሞ መነሣቱ ለዚህ ጥያቄ ክብደት ይሰጠዋል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ወጣቶች የመጀመሪያውን የውድድር ዓመታቸውን ያለልብስ ቢያሳልፉ የተሻለ ነው የሚለው አስተያየትም የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በልብስ መቀመጥ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን መካድ አይገባም። ከላይ እንደታየው ትዕግሥትን፣ አቀማመጥን፣ ከጓደኞች ጋር መተጋገዝን ይጠይቃል፤ ማንም ብቻውን ሆኖ ሊለብሰውም አይችልም። የሚነቀፈው ልብሱ ሳይሆን አቋራጭ መንገድ ተደርጎ መወሰዱ ነው። በኅዳር መቀመጥን ያልተማረ ልጅ በጥር ልብስ ቢያጠልቅ፣ ልብሱ የሚያደርገው ስሕተቱን በበለጠ ክብደት እንዲሠራ ማስቻል ብቻ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ነገር የቁጥሩን ትርጉም ነው። በ120 የጀመረው ተማሪ ከብዙ ልፋት በኋላ በልብስ 150 ኪሎ ሲያነሣ፣ በቤቱም በክፍሉም «150 አነሣ» ይባላል። ከሠላሳው ኪሎ የጨርቁ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ የጡንቻው ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ያለልብስ የሚያነሣውን ለብቻው እየለኩ በመመዝገብ ነው። በጎ ልማድ ያላቸው አሠልጣኞች ለእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር ያዘጋጃሉ፤ በአንዱ ዓምድ በልብስ፣ በሌላው ያለልብስ ያነሣውን ይጽፋሉ። የልብሱ ዓምድ አድጎ ሌላኛው ባለበት የቆመ እንደሆነ፣ ልጁ ልብሱን መጠቀም ተማረ እንጂ አልጠነከረም ማለት ነው።

በመጋቢት የግዛቱ ፍጻሜ ሲያበቃ ልብሶቹ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበው በጥላ ይሰጣሉ፤ በቁም ሣጥን ውስጥም ይቆለፍባቸዋል። በማግሥቱ ሰኞ ተማሪው በተራ ቁምጣ ወደ ብረቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ለብዙዎቹ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ የሚደግፍ ጨርቅ ከሥር ስለሌለ 100 ኪሎ እንኳ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አሠልጣኙ ይለካዋል፤ በመኸሩ ከተጻፈው 120 ጎን፣ በዚያው ዓምድ ውስጥ፣ አዲሱን ቁጥር ይጽፋል።